ቁርስ ላይ የሚጣራ

ልጄ ዋይሳሌ፣ ደሴታችንን ከማዕበል የሚጠብቅ አምላክ በጃፓንም ይጠብቅህ። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።

በደብዳቤህ፣ በጃፓኖቹ ቋንቋ መጀመሪያ የለመድከው «እንብላ» ማለት እንደሆነ፣ እንደ አገራችን ልማድ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነህ በመስኮት ስትጣራ ግን መንገደኛው አንገቱን ደፍቶ እንደሚያልፍ የጻፍክልኝ ከልቤ አልወጣ አለ። አክስትህ ሎሳና፣ «እብድ መስሏቸው ነዋ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እዚህስ ቢሆን ማን ገብቶ ይበላል? «ጠግቤያለሁ፣ ተባረኪ» ብሎ ያልፋል። ግን ይመልሳል።

እኔም ካሳቫውንና የሎሚ ቅጠሉን ሻይ ካቀረብኩ በኋላ ወደ ባሕሩ ዞሬ «ዋይሳሌ፣ እንብላ» እላለሁ። ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ጠዋት ቁርስህ ላይ ስትቀመጥ፣ ባትጠግብም፣ «ጠግቤያለሁ እማዬ» በለኝ።