ለአሥራ አንድ ኮምፒውተር በስማቸው የፈረሙት የመምህር ዓለምነው አየነው የሕይወት ታሪክ

መምህር ዓለምነው አየነው ከአባታቸው ከአቶ አየነው ሀብቱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ገብረ ማርያም፣ በአዊ ዞን ከግምጃ ቤት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር ቀበሌ ጥቅምት 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው የሻረግ ናት። ሳይነገር የቆየ አንድ ነገር በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዲነገር ስለምትፈልግ፣ ንባቡ ትንሽ ቢረዝም ለቀስተኛው እንዲታገሣት ትለምናለች።

በ1974 ዓ.ም. ግምጃ ቤት አንደኛ ክፍል ገቡ። በቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ በአማርኛ። ከማሳ የወጣ ድንች አይተው ስንት ጆንያ እንደሚሞላ አስቀድመው የሚናገሩ ልጅ፣ ሦስትና ሁለት ስንት ነው ሲባሉ የሚጠየቁት ነገር አይገባቸውም ነበር። ሲገባቸውም መልሱን የሚናገሩበት ቃል አልነበራቸውም። ዝምታቸው እንደ ስንፍና ተቆጥሮባቸው ሁለት ዓመት ወደቁ። "ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱን አፌ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ" እያሉ በኋላ ይስቁበት ነበር። እህታቸውን ግን አንድም ቀን አስቋት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳንግላ አጠናቀው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሠልጥነው በ1989 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጠሩ። በጥሊሊ አካባቢ ዘጠኝ ዓመት አስተምረው ወደ ቆሰበር አቅራቢያ ተዛወሩ። የዲፕሎማ ትምህርታቸውን በክረምት ተከታትለው በሒሳብ ተመረቁ። በ1995 ዓ.ም. ከነርስ ያለምወርቅ ፀጋው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በ1998 ዓ.ም. ልጃቸው ናርዶስ ተወለደች።

በ2003 ዓ.ም. ለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች በዕርዳታ ተሰጡ። ርክክብ ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለበሱ፣ በሩም ተቆለፈ። እስከሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ድረስ አንድም ልጅ አልነካቸውም። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕቃ ቢሰበር የሚጠየቀው መረከቢያው ቅጽ ላይ የፈረመው ሰው ነው፤ የሚፈርም ደግሞ ጠፋ። መምህራኑ ሁሉ ቤተሰብ አላቸው፤ ማንም አይፈረድበትም። መምህር ዓለምነው ግን "እኔ ልጠየቅ" ብለው አሥራ አንዱንም በስማቸው ፈርመው ቁልፉን ተረከቡ።

ከዚያ በፊት ዓመት ተኩል ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳንግላ እየሄዱ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ይማሩ ነበር። ሐሳባቸው ለታናናሾቹ ልጆች ሒሳብ የሚያስተምር፣ በአማርኛም በአዊኛም የሚናገር ጌም መሥራት ነበር። ሥዕሎቹን በባለ ካሬ ደብተር ላይ ካሬውን አንድ በአንድ ቀለም እየሞሉ ካዘጋጁ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጧቸው። በጌሙ አንድ ፈረሰኛ ከግምጃ ቤት ተነሥቶ በቆሰበር አድርጎ ዳንግላ ይገባል። በየወንዙ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አለ፤ ልጁ ከመለሰ ፈረሱ ወንዙን ይዘላል። ቁጥሮቹን በሁለቱም ቋንቋ የምትጠራው የስድስት ዓመቷ ናርዶስ ነበረች። የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ አባትና ልጅ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው የቀዱት።

የመጀመሪያው ሥራ ጉድ አመጣ። ልጅ ሲሳሳት ፈረሱ ደንብሮ ፈረሰኛውን ጭቃ ውስጥ እንዲጥለው አድርገው ነበር። በየበዓሉ የፈረስ ግልቢያ እያዩ ያደጉ የአዊ ልጆች፣ ከፈረስ የሚወድቅ ሰው ከማየት የበለጠ የሚያስቃቸው ነገር እንደሌለ እንዴት እንደረሱት አይታወቅም። ጎበዞቹ ሳይቀሩ አውቀው ይሳሳቱ ጀመር። "ቲቸር፣ አንዴ ብቻ ይውደቅ!" እያሉ ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት፤ ሒሳቡም ቀረ። ሁለት ወር ደክመው ለወጡት። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲሳሳት ፈረሱ ይቆማል፣ አንገቱን መልሶ ልጁን ያያል፤ ናርዶስም ጥያቄውን ቀስ ብላ በሌላኛው ቋንቋ ትደግመዋለች። ሰዓት አይቆጠርም፣ የሚቆጣም የለም። በዚያ ዓመት፣ ትምህርት ከተጀመረ ጀምሮ ቃል ተናግራ የማታውቅ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ በኮምፒውተሩ ፊት ቆማ መልሱን በአዊኛ ጮኻ ተናገረች። መምህር ዓለምነው ወደ ውጭ ወጥተው ፊታቸውን ታጥበው እንደተመለሱ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

በ2005 ዓ.ም. ወይዘሮ ያለምወርቅ ትምህርታቸውን አሻሽለው ባሕር ዳር ተመደቡ፤ ናርዶስንም ይዘው ሄዱ። መምህር ዓለምነው በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቀው ተፈቀደላቸው። ሰው ሁሉ ያላወቀው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ሠራተኛ ሲዛወር ክሊራንስ ያስፈልገዋል፤ ክሊራንስ የሚሰጠው ደግሞ የፈረመበትን ንብረት ሲያስረክብ ነው። ተረካቢ አልተገኘም። ኮምፒውተሮቹን መጋዘን አስገብቶ መሄድ ይቻል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ክፍሉ ይዘጋል። የዝውውሩን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። በ2007 እና በ2009 ዓ.ም. ደግመው ጠይቀው ተፈቀደላቸው፤ ያም ሆኖ የሚረከባቸው አልተገኘም። በየዓመቱ ለባለቤታቸው "ዘንድሮ አስረክባለሁ" እያሉ ስድስት ዓመት ያህል አለፈ።

ጌሙንም በፍላሽ ይዘው ለአምስት ትምህርት ቤቶች አደረሱ፤ በአራቱ እንዳልተከፈተ በኋላ ተሰማ። ባሕር ዳር የሚሄዱት ለበዓልና ለክረምት ነበር። ክረምቱንም የክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ ይሆናል እያሉ ሳያጋምሱት ይመለሱ ነበር። በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻቸውን ኖሩ፤ እራታቸውን ብቻቸውን በሉ። ናርዶስ ባሕር ዳር አድጋ አባቷን በቁመት ስትደርስባቸው፣ እርሳቸው ቀን በቀን ክፍል ውስጥ የሚሰሙት የስድስት ዓመቷን ናርዶስ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን እህታቸው ለምን እንደ አዲስ እንደማይቀዷት ብትጠይቃቸው "ድምፅዋን አልለውጠውም" አሏት።

በዚህ ሁሉ ዘመን የቆሰበር ሰው ምን ይል እንደነበር እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ደመወዟ ሲያድግ ባሏን ጣለችው ተባለ። ከሁሉ አብልጣ ያለችው እህታቸው የሻረግ ናት። በ2008 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ወይዘሮ ያለምወርቅ ለመሳም ሲጠጓት ፊቷን አዞረችባቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ አንድ ቃል አልመለሱም። መምህር ዓለምነውም ዝም አሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህ ዝምታቸው ግን ስሕተት ነበር። ወንድም ስለሞተ ስሕተቱ አይደበቅም።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ሲደክማቸው እህታቸው ቤት ተኙ፤ ክፍሉም አራት ወር ተዘጋ። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምሩት መምህርት ሕይወት መሳፍንት መረከቢያውን ቅጽ ይዘው መጡ። "ጋሽ ዓለምነው፣ እኔ ልረከብ። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ነው የሚመለሱት" አሏቸው። መምህር ዓለምነው መጀመሪያ የጠየቁት ያስገደዳቸው ሰው እንዳለ ነው። ማንም እንዳላስገደዳቸው ሲረዱ፣ ተደግፈው ተቀምጠው ፈረሙ፤ ተረካቢ አጥተው ሦስት ጊዜ ያስቀሩትንም ዝውውር ነገሯቸው። የሻረግ ነገሩን ሁሉ የሰማችው ያን ዕለት፣ ሾርባ ይዛ በር ላይ ቆማ ነው። ወዲያው ባሕር ዳር ደውላ ለምን አልነገርሽኝም ብትላቸው፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ እንዲህ አሏት፦ "ብነግርሽ ጎትታችሁ ታመጡልኝ ነበር። ክፍሉ ይዘጋል፤ እሱም እዚህ መጥቶ አንድ ቀን ደስ አይለውም። ስሜ ይታማ አልኩ።"

ክሊራንሱ የካቲት 9 ቀን ወጣ። ወይዘሮ ያለምወርቅና ናርዶስ ሊወስዷቸው የካቲት 11 ቀን መጡ፤ ለየካቲት 13 መኪና ተይዞ፣ ልብሳቸው በሻንጣ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ዕለት ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በትውልድ ቀበሌያቸው ይፈጸማል።

መምህር ዓለምነው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያለምወርቅ ፀጋውን፣ ልጃቸውን ናርዶስን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ይታይሽንና እህታቸውን የሻረግን ትተው አልፈዋል። የአየነው ቤተሰብ፣ አስከሬናቸው ከዚህ ሳይነሣ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ወይዘሮ ያለምወርቅን ይቅርታ ይጠይቃል። ባላቸውን አልጣሉም። ለሌላ ሰው ልጆች ብለው ስድስት ዓመት አውሰውን ነበር፤ እኛም ሳንመልስላቸው ቀረን።

አምላከ ቅዱሳን የወንድማችንን ነፍስ በመንግሥቱ ያሳርፍልን፤ ናርዶስን ያሳድግልን። ለወይዘሮ ያለምወርቅ መጽናናቱን ይስጥልን፤ የሻረግም ዛሬ ለመሳም ስትጠጋቸው ፊታቸውን እንዳያዞሩባት ልባቸውን ያራራላት። አሜን።