የሙዙ ፒዛ

ማክሰኞ ጠዋት

እማዬ፣ ናፍቆትሽ ከጉልበቴ በላይ ሆነብኝ።

እሑድ ማታ ፒዛ ቤቱ ውስጥ የሙዙ ፒዛ ከምድጃ ወጥቶ የተጠሩት እንግዶች ሲያጨበጭቡ፣ ወንድምሽ እጁን በገዛ ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ «ይሄ ሁሉ የዚህ ጎበዝ ፈጠራ ነው» አለ። እኔ እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት እንደሆነ የኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ።

ገበያው ሲቀዘቅዝበት «የተማርሽ አይደለሽ? እስቲ አንድ ነገር ፍጠሪ» ያለኝ እሱ ራሱ ነበር። ሰው በየአገሩ ፒዛ ላይ ምን እንደሚጨምር አነበብኩ፤ ስዊድኖች ሙዝና ካሪ፣ ብራዚሎች አረንጓዴ አተር፣ ጃፓኖች በቆሎና ማዮኔዝ፣ አውስትራሊያውያን እንቁላል። ማንበቡስ ቀላል ነው። ሙዙ ሊጡን አራሰብኝ፤ እንቁላሉ እንደ ጎማ ደረቀብኝ። የተበላሸውን ሁሉ እኔው ስበላ ከረምኩ። በመጨረሻ ሙዙንና እንቁላሉን አንድ ፒዛ ላይ አስማማኋቸው፤ አሁን ግን ሙዝ ሳይ ያቅለሸልሸኛል።

አንዲት እንግዳ የአጎቴን ልጅ «እንቁላሉ እንዴት ሳይደርቅ ቀረ?» አለችው። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ፒዛው ግማሽ ሲበስል ነው የሚፈሰው» አልኩ ከበሩ።

ወንድምሽ ከት ብሎ ሳቀ። «ሰማችሁ? ሳህን አጣቢያችን እንኳ ከሱ ተምራለች!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አዋረድከኝ?» አልኩት።

«አንቺማ ቤተሰብ ነሽ፤ ቤተሰብ ስም አይሻማም። ነገ ቤቱን የሚረከበው እሱ ነው። አንቺ አግብተሽ ትሄጃለሽ።»

ደውዬ ስነግርሽ «ቻይው ልጄ፣ ወንድሜን አታስቀይሚብኝ» አልሽኝ። እኔም ቻልኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ጋዜጠኞች ሊመጡ ነው ብሎ፣ «ልጁን ቁጭ ብለሽ አስጠኚው፣ መልሱን በቃሉ ይያዝ» አለኝ። ልጁም ብዕር ይዞ እንደ ፈተና ተማሪ ተቀመጠ።

እማዬ፣ አልጮህኩም። ለጩኸት የሚሆን አቅምም የለኝም። ሽርጤን ፈትቼ የምድጃው እጀታ ላይ ሰቀልኩትና ወጣሁ። አሁን አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው፤ ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነው። ወዴት እንደምሄድ ስደርስ እነግርሻለሁ።

የአያቴን ቤት ለዚሁ ወንድምሽ ለቀሽ ስትወጪ ልጅ ነበርኩ። ያኔም «ችዬዋለሁ» ነበር ያልሽው፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። የምትመርቂኝን ሁሉ አሜን ብዬ እቀበላለሁ። «ቻይው» የሚለውን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ካንቺም ቢሆን።

ልጅሽ፣
የሙዙን ፒዛ የሠራችው