ለቶላ ያልነገርኩት

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ እኅቴ ለእትዬ ቦሰና፤

እንደምን ከረማችሁ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይ? ጋሼ ኃይሌንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? የእኔን ጤና ከታች እጽፋለሁና ልጅዎ ወርቁ ሲያነብልዎ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

በምሠራበት ክሊኒክ ለልምምድ የመጡ የነርስ ተማሪዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የዛሬ ልጆች ለምን ሳይሉ መርፌ እንኳ አይቀቅሉም። እኛ እኮ አስተማሪያችንን ቀና ብለን አናይም ነበር! ከሁሉም የባሰችብኝ የአንዋር መስጊድ ሰፈሯ ሀጅራ ናት፤ በሽተኛ ከጠየቃት እውነቱን ካልተናገረች እንቅልፍ አይወስዳትም።

በጥቅምት ማዕረግ የምትባል ሴት ሳንባዋን ታማ ተኝታ ነበር። ባሏ ቶላ እዚሁ መርካቶ ተሸካሚ ነው። አንድ ጠዋት፣ አጠገቧ ልቆይ ወይስ ሥራ ልግባ ብሎ ጠየቀኝ። ውላ እንደማታድር አውቅ ነበር። ግን ክፉ ወሬ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ መርዶ እንኳ የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እየተሻላት ነው፣ ሂድ ሥራህን ሥራ አልኩት። እሱ ወጣ ሲል ሀጅራ እጄን ይዛ እባክዎ እንንገረው ብትለኝ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ ሰው ፊት አዋረድኳት።

ማዕረግ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቶላ መጣ ወይ እያለች ጠየቀች። እስክታርፍ እጇን ይዛ የቆየችው ሀጅራ ናት።

ቶላን በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አገኘሁት። ሸክሙን ሳያወርድ፣ ሥራህን ሥራ አሉኝ፣ ሠራሁ አለኝና አለፈ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው እትዬ!

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ጡቴ ላይ እብጠት ወጣብኝ። ሐኪሙም ጓደኞቼም ቀላል ነው፣ አይዞሽ አሉኝ። ወይ ጉድ፣ ለቶላ ያልኩትን መልሰው ለእኔ! ሐኪሙን ስትረዳ የነበረችውን ሀጅራን ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኋት። ያን ያህል ያዋረድኳት ልጅ እንባዋ እየወረደ፣ ቀላል አይደለም ሲስተር፣ ዘመድ ይጥሩ አለችኝ። ይቅር በይኝ ልላት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬም አላልኳትም።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ቀዶ ሕክምና አለኝ። ከዚያ በፊት ዐይንዎን ልየው፤ ይምጡልኝ።

ለጋሼ ኃይሌ እጅ ነሥቻለሁ። ልጆቹን ፋንታዬንና ሙሉዬን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። አንተም ወርቁ፣ እናቴ ይደነግጣሉ ብለህ ይህን ስታነብ አንድ ቃል እንዳትዘል። እኔ የዘለልኩት ይበቃል።

እኅትዎ ሠርኬ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ
ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.