የአበራ ካርቡራተር ጥፋት አልነበረበትም፤ አንተም ታውቅ ነበር

ሰይፍዬ፣

ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ዛሬ ግን ደህንነትህን ለመጠየቅ አልተቀመጥኩም። ተናድጄብሃለሁ። እንዲህ የተናደድኩብህ አንዴ ብቻ ነው፤ እናቴን ከኤርፖርት ይዘሃት ስትመጣ ነዳጅ ጨርሰህ ድልድዩ ላይ፣ በዚያ ንፋስ፣ አንድ ሰዓት ያቆምካት ጊዜ።

ቤቱ ደህና ነው። ሳሮን ኮሌጅ ገባች። ያንተን የቆዳ ጃኬት ከላይዋ አታወልቅም፤ ይሞቅሻል ስላት "አይም ፋይን፣ ማም" ትለኛለች። ያንን ቡናማ መጋረጃ አውርጄዋለሁ። ካንተ በቀር ወዳጅ አልነበረውም።

ጋራዡን ግን እስካለፈው ወር አልከፈትኩትም ነበር። መኪናህ እዚያ አለች። አንባቢዎቼ ያውቋታል፤ ስድስት ዓመት ለፍተህ ከዝገት ያነሳሃት ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ፈረንጆቹ መስል ካር የሚሏት፣ እኔ በዚህ ዓምድ "ጣውንቴ" እያልኩ ስንቴ ያማኋት።

አበራንም ላስተዋውቃቸው፤ የዛሬው ነገር ስለ እሱ ነው። ሱዳን አንድ ክፍል አብሮህ የኖረው፣ በሰርጋችን ሚዜህ የነበረው አበራ። ሳምንቱን ሙሉ ሳን ሆዜ የሰው መኪና ሲሠራ ከርሞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ወዳለንበት ኦክላንድ ድረስ እየነዳ ያንተን የሚሠራልህ አበራ። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩን ቤቱ ወስዶ ፈታታው፣ አጥቦ ገጠመው፣ መኪናዋ ተነሳች። ያን ቀን ሁለት የጎለመሳችሁ ሰዎች ግቢው ውስጥ ስትዘሉ በመስኮት አይቻችኋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳሃት። ከፕሮግራም በኋላ ምእመኑ ሁሉ ፓርኪንጉ ላይ ከበባት። አስነስተህ ነዳጅ ስትሰጣት ካርቡራተሩ ወደ ላይ ተኮሰ፤ ቧ! መዘምራኑ ጎንበስ አሉ። አንዲት እናት "በኢየሱስ ስም!" ብለው ጮኹ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንተ ግን ፊትህ ቀልቶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "አበራ ነው ካርቡራተሩን የገደለው" አልክ።

አበራ አጠገብህ ቆሞ ነበር። "ሰይፉ፣ አምስት ደቂቃ ስጠኝና ልየው" አለህ።

"ከዚህ በላይ ምን ልታበላሽ?" አልከው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ቤት መጣ። ሦስተኛውን ጊዜ ከበር መለስከው። እኔም ከኋላህ ቆሜ ነበር፤ ግባ አላልኩትም።

ይባስ ብዬ ጻፍኩት። ስሙን አልጠራሁም፤ "የሳን ሆዜው ካርቡራተር ገዳይ" ነው ያልኩት። ከሳን ሆዜ እስከ ኮንኮርድ ማን እንደሆነ ያላወቀ አበሻ ግን አልነበረም። ሰዉ ወደደው። በየሰርጉ፣ በየክርስትናው "ካርቡራተር ገዳዩ መጣ!" ይሉት ጀመር። መኪናውን ሊሰጠው የሚያመነታው በዛ። ሚስቱ ጽጌ ደውላ "እህቴ፣ እባክሽ ይብቃ" ብትለኝ፣ "ጆክ እኮ ነው ጽጌዬ፣ ሴንሲቲቭ አትሁኑ" አልኳት።

አንተ በድንገት ስትሞት አበራ ለቅሶ መጣ። እጁን ሲዘረጋልኝ "አሁን ደግሞ ምን ልታበላሽ መጣህ?" አልኩት። ያንተኑ ቃል። እጁን ሰብስቦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሦስቱንም ቀን መጥቶ ያችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ የሰጠው ሰው መኖሩን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ወር ሳሮን "የዳዲን መኪና እኔ ልንዳት፤ ፊክስ እናድርጋት" ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ጎረቤታችንን ሚስተር ክላረንስን ለመንኩት። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ መካኒክ መሆኑን ታውቃለህ። "ወገቤ አይታጠፍም፤ እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ እጄ ትሆኛለሽ" አለኝ። ባትሪ ቀየርን፣ ያደረውን ነዳጅ አስወጣን። ሳሮን ቁልፉን አዞረች፣ እኔ አንገቴን አስግጌ ሳይ ቧ! የቀኝ ቅንድቤ ጫፍ እስከ ዛሬ አልበቀለም።

"ራቂ ብዬሽ ነበር" አለ ሚስተር ክላረንስ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። "ካርቡራተር እንዲህ የሚተኩሰው ወይ ነዳጅ ሲያንሰው ነው፣ ወይ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ሲመጣ።"

መጀመሪያ የነዳጁን ነገር አየን። በሥሩ አየር እየሰረቀ ከሆነ ድምፁ ይለወጣል ብሎ ማጽጃ አስረጨኝ፤ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን፣ ከላይ ወደ ውስጥ እያየሁ የነዳጅ መስጫውን በእጄ ሳብኩት፤ ሁለት ቀጫጭን የነዳጅ ፍሳሾች ኩልል ብለው ወረዱ። ብድግ ብሎ መጥቶ አየና "ይሄ ካርቡራተር ጤነኛ ነው" አለ። "ደግሞም አዲስ ነው።"

አዲስ? አበራ የሠራው አሮጌውን ነው።

መደርደሪያው ላይ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ አገኘሁት። የአበራን ካርቡራተር በፎጣ ጠቅልለህ አስቀምጠኸዋል። የአዲሱ ካርቶንም አጠገቡ አለ፣ ከነደረሰኙ። የገዛኸው ከመሞትህ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሰይፉ! ቀይረኸዋል። ቀይረኸውም መኪናዋ ያው ትተኩሳለች። ጥፋቱ የአበራ አለመሆኑን ያን ቀን አውቀሃል ማለት ነው።

ሚስተር ክላረንስ ንዴቴን አላየም፤ ወደ እሳቱ ዞሯል። እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያደርሱትን ቀያዮቹን የካንዴላ ገመዶች "በዓይንሽ አትመኚ፣ አንድ በአንድ በጣትሽ ተከተያቸው" አለኝ። ለማማር ብለህ ራስህ ነህ የቀየርካቸው፤ አበራ ሠርቶ በሄደ በሳምንቱ። ስምንቱንም ባንዴ ነቅለህ መሬት ላይ ስትዘረጋቸው አይቻለሁ። የአምስተኛውን ስከተል ጣቴ ሰባተኛው ላይ አረፈ፤ የሰባተኛውን ስከተል አምስተኛው ላይ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሳት የሚደርሳቸው ተራም ተከታታይ ነው። ሲለዋወጡ አንደኛው ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ነዳጅ የገባበት በር ገና ሳይዘጋ። ነበልባሉ በመጣበት ተመልሶ በካርቡራተሩ ይወጣል። ያ ነበር ጉዱ ሁሉ።

"እኔም በዕድሜዬ ሁለቴ ተሳስቼዋለሁ" ብሎ ሚስተር ክላረንስ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ገመድ ማንም ያለዋውጣል፤ በዚያ አልቆጣህም። የሚያቃጥለኝ ሰባቱ ወር ነው። አበራ ንፁህ መሆኑን እያወቅህ ሰባት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ቁርስህን በላህ። እኔ ስለ እሱ ስቀልድ ፈገግ አልክ። ስልኩ ግድግዳው ላይ ነበር። ሳን ሆዜ ሌላ አገር አይደለም። ቢያንስ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በዚያ ለቅሶ ላይ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ካርቡራተሩን ከነፎጣው ይዤ ሄድኩ። ጽጌ በሩን ከፈተችና ለአበራ መንገድ ለቀቀች። እዚያው እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት። ፎጣውን ፈታ፣ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ከፈት ዘጋ አደረገው።

"ሰይፉ ያውቅ ነበር?" አለኝ።

"ያውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ አልቅሼለታለሁ" አለ። "አንቺ ቤት ተቀምጬ።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። የመለሰችልኝ ጽጌ ናት፤ "እዚህ በር ላይ ሹክ ብትይን ምን ዋጋ አለው? ስትሰድቢው አገር ሰምቷል። አሁንም አገር ይስማ።"

እውነቷን ነው። ስለዚህ አገር ይስማ፤ የሳን ሆዜው አበራ ካርቡራተሩን አልገደለም። አሳምሮ ነው የሠራው። ጥፋቱ የባሌ የሰይፉ ነው። ወሬውን አጣፍጬ ያዞርኩት፣ ለቅሶ የመጣን ሰው እጅ የመለስኩት እኔ ነኝ። አበራ፣ ይቅርታ። ጽጌ፣ ይቅርታ።

ገመዶቹን እንደተለዋወጡ ትቻቸዋለሁ። ሚስተር ክላረንስ "የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ጨርሺው" ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አበራ ከፈለገ መጥቶ በዓይኑ ይያቸው፣ በገዛ እጁ ያስተካክላቸው፣ ሞተሯንም እሱ ያስነሳት። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። "ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ አስባለሁ" ብሎኛል።

አንተን ግን የምረሳህ እንዳይመስልህ። ሟች ሲነሳ መልካም መልካሙን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው፤ እኔ እንደዚያ አላደርግህም። ሳሮንን ትከሻህ ላይ ተሸክመህ ሐይቁን የምትዞረውን አንተን አስታውሳለሁ። ወዳጅህ በር ላይ ቆሞ ሲለምንህ የመለስከውንም አንተን አስታውሳለሁ። ልጃችን አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ስትለኝ ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ፣ አንዱንም ሳልቀንስ።

አሁንም የምትወድህ፣ አሁንም የተናደደችብህ፣
አልማዝ