የቴቴ አምባር

ግንቦት 6
ልብስ አጠብኩ። ሳድዛ አገነፋሁ። ጊቭሞር አርብ ከደርባን ይገባል... ባሌ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሚነዳው የጭነት መኪና በቆመበት ሁሉ ሴት አለችው። የሰፈራችን የኤድስ ለቅሶ ደግሞ አላባራም። ፈራሁ።

ግንቦት 8
ፀጉሬን ልሠራ ፀጉር ቤት፣ የታፋ እናት ዘንድ ሄድኩ። ጊቭሞርን ኮንዶም አድርግ ስለው "ሚስቴ ነሽ ወይስ ሴተኛ አዳሪ?" እንዳለኝ ነገርኳት። ከመሳቢያዋ የሴት ኮንዶም አወጣች።
"ይሄንን የምታስገቢው ራስሽ ነሽ። ከእርግዝናም ከበሽታም ይጠብቅሻል።"
"ይንኮሻኮሻል እንጂ!" አለች አንዷ ደንበኛ።
"ታዲያ ሬዲዮ ክፈቺበታ!" አለቻት ሌላዋ።
ሳቅን። የታፋ እናት ግን አልሳቀችም። ለካ ሴቱ ሁሉ እጁ ላይ የሚያደርገው የላስቲክ አምባር የዚሁ የውስጡ ቀለበት ነው! "ነፍስ የሚያድነውን ጥለው በቀለበቱ ያጌጣሉ" አለች።
ሦስት ገዛሁ።

ግንቦት 10
ሬዲዮ ብከፍትበትም ተንኮሻኮሸ። ሐኪም ያዘዘልኝ ነው ብዬ ዋሸሁ። አላመነኝም። ጠዋት እህቱን አስጠራት። እኛ ዘንድ የመኝታ ነገር የሚዳኘው በባል እህት፣ በቴቴ ነው... ወደ እናቴ ቤት ትመልሰኝ ይሆን?

ግንቦት 12
ቴቴ ሙቻኔታ መጣች። ተንበርክኬ ተቀበልኳት።
"አንቺ ቼናይ፣ ወንድሜን ላስቲክ አገባሁ አሰኘሽው አሉ። እስቲ አሳዪኝ።"
አንዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ቀለበቱን ዳበሰችው። የራሷን ክንድ አየች።
"ይሄ የኔ አምባር አይደለም እንዴ?"
"ነው፣ ቴቴ። ከዚሁ የወጣ ነው።"
አምባሩን በጣቷ አዞረችው።
"ያደረግኩት ባሌ ሳይታመም ነው። ከገበያ፣ ለጌጥ። እሱን ቀበርኩ፣ እኔም በሽታውን ይዤ ክኒን እውጣለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እጄ ላይ ነበር!"
አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አንጀቴን በላችው።
ከዚያ ጊቭሞርን ጠራችው። አምባሩን አውልቃ መዳፉ ላይ አደረገችለት።
"መኪናህ መስታወት ላይ አንጠልጥለው። እህትህን ምን እንደገደላት በየመንገዱ እንድታስታውስ።"
"እህቴ፣ አልሞትሽም እኮ..."
"ሚስትህም እንዳትሞት ነው የምልህ።"
ቀና ብሎ አላየንም።

ሰኔ 1
ዛሬ ከደርባን ገባ። በር ላይ ወጥቼ መጀመሪያ ያየሁት የመኪናውን መስታወት ነው። አምባሩ ተንጠልጥሏል።
በላ። ታጠበ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም ኮንዶሙን ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩ... እንደገና እምቢ ቢልስ?
ተነሳና ሬዲዮውን ራሱ ከፈተው።