ስለ ወደባችን የሞሉት ወረቀት

እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያን ሁሉ አልጋ ስታነጥፊ ወገብሽን አላመመሽም? እኛ ደህና ነን። እዚህ ሮዞ ከተማ ዝናቡ አላቆመም።

ሰምተሽው ይሆናል፤ የምትሠሪበት የጎብኚዎች መርከብ ከእንግዲህ እዚህ አይቆምም። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ወርደሽ አብረን የምንቀመጣት ሁለት ሰዓት ቀረች ማለት ነው። አንቺን የማይበት ሌላ ጊዜ የለኝም።

ነገሩ የመጣው በወረቀቱ ነው። ተሳፋሪዎቹ ወደ መርከቡ ሲመለሱ የወደቡ በር ላይ ቆሜ ስለ ወደቡ የሚሞሉትን መጠይቅ እንደምሰበስብ ነግሬሽ ነበር። «ያስቸገራችሁ ሰው ነበር?» ለሚለው ብዙዎቹ «አዎ» አሉ። አለቃችን ሚስተር ላሮንድ ሲያጣሩት ለካ ያስቸገራቸው ሰላምታችን ነው። እኛ ጋ ሰውን ደህና አደርክ ሳይሉ ማለፍ ስድብ ነው፤ እነሱ ግን መንገዱን ሙሉ ደህና አደራችሁ ሲባሉ ሁሉም ሊሸጥልን ነው ብለው ይሸሻሉ።

ሚስተር ላሮንድ የወደቡን ገበያ ሻጮች ሰብስበው፣ ቀድሞ ሰላም ያለ ቦታውን ይነጠቃል አሉ። አክስቴ የምትሸጠውን ሳሙና እየደረደረች፣ «አንተ ልጅ፣ አፍህን የፈታኸው በሰላምታ አይደለም? አሁን እንደ ፍየል ዝም ብለን እናፍጥባቸው?» አለቻቸው። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ትእዛዙ ግን ጸና።

ከዚያ በኋላ መርከቡ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ገበያው ሁሉ ዝም አለ። ተሳፋሪዎቹም «ሰዉ ፊቱ አይፈታም፤ የጠሉን ይመስላል» ብለው ሞሉ። ከአስር ስድስት ይሰጡን የነበሩት ሦስት ሰጡን። ከዚያ ከመርከቡ ባለቤቶች፣ ከእንግዲህ አንመጣም የሚል ደብዳቤ መጣ።

አንቺም በነዚያ ሦስት ረቡዖች አልወረድሽም። ፈረቃዋ ተቀይሮ ነው አልኩ።

በመጨረሻው ረቡዕ አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ አስር ከአስር ሞልተው ሰጡኝ። «ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት የዚህ አገር ሰው ናት። የሚታይ ነገር የለም፣ አትውረዱ ብላን ነበር። ተሳስታለች፤ አገራችሁ እንዴት ያምራል!» አሉኝ።

እኔ የማላውቀውን ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ። ያን ቀን ግን፣ እሷስ ለምን አልወረደችም አልኳቸው።

«ዛሬ እስከ ማታ እረፍት ናት፤ ግን እዚያ የቀረኝ ሰው የለም ትላለች» አሉኝ። ስሟንም ነገሩኝ። አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ ብዬ ወረቀታቸውን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

ለአክስቴ ሥራ በዝቶባት ነው ብያታለሁ። ብትጽፊላት አንቺም እንደዚያው በያት።

አሁን መርከቡም ስለማይመጣ ለምን አልወረድሽም የሚልሽ አይኖርም። ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ያድርግልሽ። በደረስሽበት ወደብ ሁሉ የሚወድሽ ሰው አይጥፋ።

ልጅሽ