በዘራችሁ አለ እንዴ?

ሰኞ

አስጠላኝ። ሽሮው አስጠላኝ፣ ጠመኔው አስጠላኝ፤ ከሁሉም የእጮኛዬ የደሳለኝ እናት ሳቅ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁመውኝ፣ «ይጁቤ ከተማ የታመመች አክስት አለችሽ አሉ። አንቺም ኪኒን ትውጫለሽ አሉ። በዘራችሁ አለ እንዴ?»

ኪኒኑን የነገርኩት ለደሳለኝ ብቻ ነበር።

«የድብርት መድኃኒት ነው» አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ክፍል ገብቼ ባዮሎጂ አስተማርኩ። የዛሬው ርዕስ ዘረመል! ትፍ!

ማክሰኞ

ኪኒኑን ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ያቅለሸልሸኛል፣ አፌ ይደርቃል፤ ድብርቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙን «ከአክስቴ ወርሼው ነው?» አልኩት።

«ድብርት የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም። ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ተደምረው ያጋልጣሉ፤ ሐዘንም ኑሮም ይጨመርበታል። የአንጎል ኬሚካል አነሰ ብለን ብቻ የምንዘጋውም አይደለም።» መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚብላላበት ፍጥነት ራሱ በዘር ይለያያል አለ። ቀስ በቀስ በሌላ ሊቀይርልኝ ነው።

ማታ ደሳለኝ ደወለ። «እናቴ ናት እኮ፣ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» ዘጋሁበት።

ግን እኔስ? ሽማግሌ ሲላክ «እናቴ እህት የላትም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከእነሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

ረቡዕ

አስፈቅጄ ይጁቤ ሄድኩ። አክስቴ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ክፍሉ ይሸታል። ጠጉሯ ተቋጥሮ ጠጥሯል። ጎረቤት ጸበል ወስዷት ነበር፤ ሐኪም ቤት የወሰዳት ግን የለም። እኔም አልወሰድኳትም።

«አክስት የለኝም ብለሻል አሉ» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«ብያለሁ። ይቅር በይኝ።»

«እኔም ብሆን እኔን እደብቅ ነበር» አለች።

ውኃ አሞቅሁ። ጠጉሯን ሳጥብ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ሐሙስ

ሚኒባስ ውስጥ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ወስዶ አዳመጣት። «የእኅቴ ልጅ የምትውጠውን ስጡኝ» አለችው። «ለእሷ ያልሠራው ለእርስዎ ሊሠራ ይችላል፤ ላይሠራም ይችላል። ሞክረን ነው የምናውቀው» አላት። ደስ አለኝ፤ አልዋሻትም።

እኔ ቤት ስንደርስ ግማሽ እንጀራ በላች። እኔ አሁንም ያቅለሸልሸኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ደሳለኝ ነው፣ ብቻውን። «ልግባ?» ይላል።

«ማነው?» አለች አክስቴ ከአልጋው።

«ገና አላወቅሁም» አልኳት።